አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ እንዴት ተለይተው ይወጣሉ?

ከሆድ ዕቃ እብጠት መግል ተቀዳ እንበል። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጠብታ ወስዳ ስላይድ ላይ ቀባች፣ ግራም ስቴይን የሚባለውን ባክቴሪያዎችን በቀለም የሚለይ ዘዴ ሠራች፣ በማይክሮስኮፕ አየች። ባክቴሪያ እንደ ጉድ ነው። ቀይ ዘንግ አለ፣ ሐምራዊ ዘንግ አለ፣ ክብ ክቡም አልቀረም። ያንኑ መግል ካልቸር አደረገችው፤ ባክቴሪያው እንዲያድግ ምግብ በያዘ ጠፍጣፋ ሳህን፣ በፕሌት ላይ ቀባችው ማለት ነው። ሁለት ቀን ጠበቀች። ፕሌቱ ባዶ ነው። ውጤት መስጫው ላይ «ምንም አላደገም» ተብሎ ተጻፈ፣ ወረቀቱም ወደ ሐኪሙ ሄደ።

ስላይዱ አልዋሸም። ፕሌቱም አልዋሸም። ባክቴሪያዎቹ መግሉ ውስጥ ነበሩ። ፕሌቱ የተቀመጠው ግን አየር እንደልቡ በሚገባበት ኢንኩቤተር ውስጥ ነው። ለእነሱ ደግሞ አየር መርዝ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች አናኤሮብ ይባላሉ። ከኛ ሩቅ አይደሉም። በድድና በጥርስ መካከል አሉ። የፀጉር ሥር ውስጥ አሉ። ትልቁ አንጀት ውስጥማ በአየር ማደግ ከሚችሉት ባክቴሪያዎች ጋር ሲነጻጸሩ ሺህ ለአንድ ገደማ ናቸው። በቦታቸው እስካሉ ድረስ ችግር የለባቸውም፣ እንዲያውም ይጠቅሙናል። ጣጣው የሚመጣው ከቦታቸው ሲወጡ ነው። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ፣ የጥርስ ሥር ሲመግል፣ ራሱን የሳተ ሰው ምራቁ ወደ ሳንባው ሲገባበት፣ ጥልቅ ቁስል ውስጥ አፈር ሲቀር። መንጋጋ ቆልፍም የእነሱው ወገን ሥራ ነው።

ኦክስጅን ለምን ይገድላቸዋል? ኦክስጅን ሴል ውስጥ ሲገባ በከፊሉ ወደ ሱፐርኦክሳይድና ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቀየራል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማለት ፋርማሲ ውስጥ ለቁስል ማጠቢያ የምትሸጠዋ ፈሳሽ ናት። የኛ ሴሎች እነዚህን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች አሏቸው። ብዙዎቹ አናኤሮቦች ወይ የላቸውም፣ ወይ ያላቸው አይበቃም። በዚያ ላይ ኦክስጅን ራሱ ለኑሯቸው የግድ የሆኑትን ብረት ያዘሉ ኢንዛይሞች ያበላሽባቸዋል። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ሌላው አየር ላይ ሰዓታትን ይቋቋማል፤ አያድግም እንጂ አይሞትም። ደግሞ ስፖር የሚሠሩ አሉ። ስፖር ማለት ባክቴሪያው ክፉ ቀን ሲመጣበት የሚሸሸግበት ደረቅና ጠንካራ ቅርፊት ነው። ስፖር ሆኖ አየር ላይ ዓመታት ይቆያል።

አየሩን ማውጣት ብቻውን አይበቃም

«ታዲያ አየሩን ማውጣት ነዋ!» ያለ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። መሣሪያውም ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1916 ማኪንቶሽና ፊልድስ የተባሉ ብሪታንያውያን ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጃር ሠሩ። ጃሩ ውስጥ ሃይድሮጅን ይሞላል። ከዚያ በፓላዲየም ብረት አማካይነት ሃይድሮጅኑ የቀረውን ኦክስጅን ይዞ ውሃ ይሆናል። ዛሬ ነገሩ ቀሏል። ፓኬት ቀደው ጃሩ ውስጥ ይከቱና ክዳኑን ይገጥማሉ፣ በቃ። አንዳንዱ ፓኬት ሃይድሮጅን ያመነጫል። ሌላው አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ ይዞ ኦክስጅኑን ራሱ ይመጥጣል። አቅም ያለው ላቦራቶሪ ደግሞ በረጅም የጎማ ጓንት እጅ የሚያስገቡበት፣ በናይትሮጅን፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በጥቂት ሃይድሮጅን የተሞላ ትልቅ ሳጥን አለው።

አየሩ በትክክል መውጣቱ የሚታወቀው በቀለም ነው። ጃሩ ውስጥ ሜቲሊን ብሉ የተነከረ ወረቀት ይቀመጣል። ኦክስጅን ካለ ሰማያዊ ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ቀለሙ ይጠፋል። ወረቀቱ በማግስቱም ሰማያዊ ከሆነ ፕሌቱ ላይ ያለው ውጤት አይታመንም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። ሻማ አብርቶ ጃር ውስጥ መክደን አናኤሮቢክ አይደለም። ሻማው የሚጠፋው ኦክስጅኑ ስላለቀ ይመስለናል። ሲጠፋ ግን ጃሩ ውስጥ ገና ከ15 በመቶ በላይ ኦክስጅን አለ። የሻማ ጃር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚወዱ ባክቴሪያዎች ነው የተሠራው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስተምር ሰው አሁንም አይጠፋም።

እሺ፣ አየሩ ወጣ። ዋናው ራስ ምታት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከአንጀት የወጣ መግል ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ አይገኝም። አምስትም ስድስትም ዓይነት ይኖራል። ከእነሱ መካከል ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ አለ። ኢ. ኮላይ አየር ሲኖር ይተነፍሳል። አየር ሲጠፋ ደግሞ ምግቡን አብላልቶ ይኖራል። በሁለቱም ያድጋል። በዚያ ላይ ፈጣን ነው፣ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ይራባል። አናኤሮቦቹ አብዛኞቹ ዝግ ያሉ ናቸው። ፕሌቱን ጃር ውስጥ አስቀምጠን ከሁለት ቀን በኋላ ስንከፍተው የምናየው ኢ. ኮላይ ሁሉን ሸፍኖት ነው። ፕሮቲየስ የሚባለውም ካለ ጨርሶ አለቀ። እሱ ፕሌቱ ላይ እንደ ማዕበል እየተንሸራተተ ጥግ እስከ ጥግ ይሸፍናል።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አለ። አየሩን መንሳት አንድ። የማንፈልጋቸውን ማስቆም ሁለት። ሁለተኛውን የሚሠራው ሴሌክቲቭ ሚዲያ ነው፣ መራጭ ሚዲያ እንበለው። ሚዲያ ማለት ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ ነው። ብዙ ሰው መራጭ ሚዲያ ሲባል የሚፈለገው ባክቴሪያ የሚወደው ምግብ ይመስለዋል። ምግቡስ ለሁሉም ያው ነው። ብልሃቱ ምግቡ ውስጥ የሚጨመረው እንቅፋት ላይ ነው። እንቅፋቱ የምንፈልገውን ሳይነካ ሌላውን መያዝ አለበት። እንዲህ ያለ እንቅፋት ለማግኘት ደግሞ የባክቴሪያውን ኑሮ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

የኪታሳቶ ሙቅ ውሃ

የመጀመሪያው እንቅፋት ሙቀት ነበር። የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ ኒኮላየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 አይቶት ነበር። አፈር ወስዶ አይጦች ውስጥ ሲያስገባ በበሽታው ይያዛሉ። ቁስላቸው ውስጥ ጫፉ ያበጠ ቀጭን ዘንግ ይታያል። ግን ብቻውን ማውጣት አልቻለም። ሁልጊዜ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው።

ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ በሮበርት ኮህ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። እሱ የተቀላቀለውን ካልቸር ስፖሩ እስኪሠራ ድረስ ተወው። ከዚያ 80 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆየው። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሞቱ። ስፖሩ ተረፈ። የተረፈውን በሃይድሮጅን ውስጥ አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ1889 የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቆመ። በዓመቱ ኪታሳቶና ጀርመናዊው ባልደረባው ቤሪንግ የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፍ ነገር በእንስሳት ደም ውስጥ እንደሚፈጠር አሳዩ።

ዛሬም ይሄው ዘዴ ይሠራል። ስፖር የሚሠራ ባክቴሪያ ሲፈለግ ናሙናውን ያሞቁታል፣ ወይም እኩል አልኮል ጨምረው ለአንድ ሰዓት ያህል ያስቀምጡታል። ርካሽ ነው። አስተማማኝ ነው። ችግሩ ስፖር ለማይሠሩት አይሆንም። ብዙዎቹ የሆድና የአፍ አናኤሮቦች ደግሞ ስፖር አይሠሩም።

ምግቡ

ወደ እንቅፋቶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል። አናኤሮቦች አመለኞች ናቸው። አጋር የሚባለው ጄሊ መሰል ተራ ሚዲያ አይበቃቸውም። ስለዚህ ጥሩ ፕሮቲን፣ የእርሾ ጭማቂ፣ የበግ ደም፣ ሂሚንና ቫይታሚን ኬ ይጨመርላቸዋል። ሂሚን ከደም ቀይ ቀለም የሚወጣ ብረት ያዘለ ነገር ነው፤ በሊትር 5 ሚሊግራም ያህል ይበቃል። ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድም ይገባል። እሱ ሚዲያው ውስጥ የቀረችውን ኦክስጅን ይይዛል። ፈሳሽ ሚዲያ ላይ ሬሳዙሪን የሚባል ቀለም ይጨምራሉ። ሬሳዙሪን ኦክስጅን ሲያገኝ ሮዝ ይሆናል። የቱቦው አናት ብቻ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ሮዙ ወደ ታች ከወረደ ቱቦውን አፍልተው አየሩን ያባርሩታል፣ ካልሆነም ይጥሉታል።

የፕሌቱ ዕድሜም ወሳኝ ነው። አየርና ብርሃን ላይ የቆየ ፕሌት ውስጡ ፐርኦክሳይድ ያጠራቅማል። ያንን ፕሌት ጃር ውስጥ ቢከቱት አየሩ ይወጣል እንጂ መርዙ አይወጣም። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ላቦራቶሪዎች ፕሌቱን ከመጠቀማቸው በፊት አንድ ሌሊት አየር የሌለበት ቦታ የሚያሳድሩት።

መድኃኒቱ እንቅፋት ሲሆን

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። ጄንታማይሲንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በመርፌ የሚሰጠው። ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ያበላሻል። ግን ዝም ብሎ አይገባም። ወደ ውስጥ የሚስበው ባክቴሪያው ሲተነፍስ የሚፈጥረው ጉልበት ነው። አናኤሮብ ኦክስጅን አይተነፍስም። ስለዚህ መድኃኒቱን አይስብም። ደጅ ላይ ቢከመርበትም ግድ የለውም። ካናማይሲንና ኒኦማይሲንም እንዲሁ ናቸው።

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። «ጃሩ ውስጥ አየር ከሌለ ኢ. ኮላይም ኦክስጅን አይተነፍስም፤ እሱስ ለምን ይሞታል?» ትክክል ነው። አየር በሌለበት የኢ. ኮላይም መሳብ ይዳከማል። ግን ጨርሶ አይቆምም። ስለዚህ መጠኑ ከፍ ይላል። ሚዲያው ውስጥ በሊትር 100 ሚሊግራም ጄንታማይሲን ይገባል፤ ይሄ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚደርሰው ብዙ እጥፍ ነው። ኢ. ኮላይ በዚህ መጠን አይተርፍም። አናኤሮቡ ምንም አይመስለውም።

በዚህ ላይ የቆመው ሚዲያ ባክቴሮይድስ ባይል ኤስኩሊን አጋር ይባላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቢቢኢ ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ ነው። በኔ እምነት ከአናኤሮብ ሚዲያዎች ሁሉ ብልሁ ይሄ ነው። የሚፈልገው ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስንና ዘመዶቹን ነው። ፍራጂሊስ አንጀት ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ጥቂቱ ብቻ ነው። ከሆድ መግል ግን ከአናኤሮቦች ሁሉ አብዝቶ የሚወጣው እሱ ነው። መግል እንዲቋጠር የሚያደርግ ሽፋን ስላለው ነው።

ሚዲያው ሦስት ነገር ያደርጋል። ጄንታማይሲኑ ኢ. ኮላይንና መሰሎቹን ያስቆማል። ከዚያ ሐሞት አለ፣ ከ20 በመቶ ሐሞት ጋር የሚመጣጠን። ሐሞት ስብን እንደሚበትን ሁሉ የባክቴሪያን ሽፋንም ይበትናል። ብዙዎቹ የአፍ አናኤሮቦች እዚህ ላይ ይቀራሉ። ፍራጂሊስ ግን አንጀት ውስጥ ከሐሞት ጋር ነው የሚኖረው፤ ለምዶታል። ሦስተኛው ኤስኩሊን የሚባል ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር ነው። ፍራጂሊስ ኤስኩሊንን ሲሰብር የሚወጣው ነገር ሚዲያው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል። ስለዚህ ከሁለት ቀን በኋላ ፕሌቱን ስታዩት ከ1 ሚሊሜትር የበለጡ ኮሎኒዎች (ተባዝተው በዓይን የሚታዩ የባክቴሪያ ክምሮች)፣ ዙሪያቸውን ያለው አጋር ጥቁር ቡናማ ሆኖ ታገኛላችሁ። ማደጉም፣ መጠኑም፣ መጥቆሩም በአንድ ላይ ይመሰክራሉ።

መጥቆሩ ብቻውን ግን አያሳምንም። ጄንታማይሲን የማይበግረው ኢንተሮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ካለ እሱም ያጠቁረዋል። ብቻ ኮሎኒው ትንንሽ ነው። ደግሞ ፕሌቱን ቶሎ አለመጣል ጥሩ ነው። አራት አምስት ቀን ከቆየ መሃላቸው ጥቁር፣ ዙሪያቸው ጠርዝ የመሰለ፣ የዓሣ ዓይን የሚመስሉ ጥቃቅን ኮሎኒዎች ሊወጡ ይችላሉ። ይሄ ቢሎፊላ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ነው ከታመመ ትርፍ አንጀት ተለይቶ የተገለጸው። በሁለተኛው ቀን ፕሌቱን የሚጥል ላቦራቶሪ ቢሎፊላን መቼም አያየውም።

ሌላው ሚዲያ ካናማይሲንና ቫንኮማይሲን ያለበት የደም አጋር ነው። ካናማይሲኑ ከላይ ያልኩትን ይሠራል። ቫንኮማይሲን ትልቅ ሞለኪውል ነው። ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ፣ ማለትም በግራም ስቴይን ቀይ የሚታየው፣ ሁለተኛ የውጭ ሽፋን ስላለው ቫንኮማይሲን ማለፊያ ቀዳዳ አያገኝም። ግራም ፖዘቲቭ፣ ማለትም ሐምራዊ የሚታየው፣ ይሄ ሽፋን የለውም፣ ይመታል። ሁለቱ መድኃኒቶች ሲገናኙ የሚተርፈው ግራም ኔጌቲቭ አናኤሮብ ነው። ደሙን አስቀድመው በረዶ አድርገው ያቀልጡታል፣ ሴሎቹ እንዲፈነዱ። ፕሪቮቴላ የሚባለው የአፍ ባክቴሪያ ከዚያ ደም ቀለም ይሠራል። ኮሎኒው በቀናት ውስጥ ቡናማ ከዚያም ጥቁር ይሆናል። ከመጥቆሩ በፊት በአልትራቫዮሌት መብራት ቢታይ እንደ ሸክላ ጡብ ቀይ ሆኖ ያበራል።

እዚህም ወጥመድ አለ። ፖርፊሮሞናስ ግራም ኔጌቲቭ ነው፣ የድድ በሽታ ውስጥ እጁ አለበት፣ ግን ቫንኮማይሲን ይነካዋል። ይህን ሚዲያ ብቻ የሚያምን ሰው ፖርፊሮሞናስን ራሱ ገድሎ «የለም» ይላል።

ግራም ፖዘቲቭ አናኤሮቦች ሲፈለጉ ፌኒልኤቲል አልኮል ያለበት የደም አጋር ይጠቅማል። የኢ. ኮላይን እድገት ይገታል፣ የፕሮቲየስን መንሸራተት ያቆማል። የሚገርመው ይሄ አልኮል ጽጌረዳ አበባ ውስጥ ያለው መዓዛ ነው።

ሲ. ዲፍ

ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲሌን፣ በአጭሩ ሲ. ዲፍን፣ ሆልና ኦቱል የተባሉ ተመራማሪዎች የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ያገኙት ጤነኛ አራስ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ነው። ለማሳደግ አስቸግሯቸው ነበር። 40 ዓመት ያህል ማንም ብዙ ትኩረት አልሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ነው አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ የሚመጣው ከባድ የአንጀት መቆጣት የእሱ መርዝ ሥራ እንደሆነ የታወቀው። አንቲባዮቲኩ ሌሎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ይጨርሳል፣ ሲ. ዲፍ ባዶ ቤት ያገኛል።

ድንገት ሁሉም ሊፈልገው ፈለገ። ሰገራ ውስጥ ግን ከስንት ቢሊዮን ባክቴሪያ መሃል ነው የሚወጣው? በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጆርጅ፣ ሰተር፣ ሲትሮንና ፋይንጎልድ የተባሉ ተመራማሪዎች መልስ አመጡ። ሁለት መድኃኒት መረጡ። አንዱ ሳይክሎሴሪን ነው፣ በሊትር 500 ሚሊግራም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የታከመ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። እዚህ ሥራው ኢ. ኮላይንና ዘመዶቹን ማስቆም ነው። ሌላው ሴፎክሲቲን ነው፣ 16 ሚሊግራም። እሱ ሌሎቹን አናኤሮቦችና ብዙ ግራም ፖዘቲቮችን ይይዛል። ሲ. ዲፍ ሁለቱንም ይቋቋማል። ልብ በሉ፣ ሕመምተኛው አንጀት ውስጥ ያበለጸገውም ይሄው ነው። ሌሎቹን የሚገድል መድኃኒት እሱን አይገድለውም። ሚዲያው ያንኑ ነገር ፕሌት ላይ ደገመው ማለት ይቻላል።

ስኳሩ ፍሩክቶስ ነው። የእንቁላል አስኳል ይገባል። ኒውትራል ሬድ የሚባል ቀለም ደግሞ የአሲዱን መጠን ያሳያል። ሲ. ዲፍ ሲያድግ ሮዝ የነበረው ሚዲያ ዙሪያውን ወደ ቢጫ ይለወጣል። ኮሎኒው ጠፍጣፋ ነው፣ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ውስጡ እንደተፈጨ ብርጭቆ። ሽታው ደግሞ አይረሳም። የፈረስ ጋጣ ይሸታል። ፕሌት አፍንጫ ላይ አድርጎ ማሽተት ዛሬ በደህንነት ሕግ የተከለከለ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ሽታው ራሱ ይመጣል።

በኋላ የተጨመረ አንድ ብልሃት አለ። ስፖር ፕሌት ላይ ስለተቀመጠ ብቻ አይነቃም። ጊዜው መድረሱን የሚነግረው ነገር ይፈልጋል። ለሲ. ዲፍ ያ ነገር የሐሞት ጨው ነው፣ ታውሮኮሌት። ስፖሩ ተውጦ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ያገኛል፣ ይነቃል። ስለዚህ ሚዲያው ላይ 0.1 በመቶ ታውሮኮሌት ይጨምራሉ። ስፖሩ አንጀት የገባ ይመስለውና ይነሳል። ከዚያ በፊት ሰገራውን በአልኮል ካስተናገዱት ስፖር ያልሆነው ሁሉ አልቋል። ሆስፒታል ውስጥ የእጅ አልኮል ለሲ. ዲፍ የማይበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስፖሩን አልኮል አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ አጥቦ ማስወገድ ነው የሚሻለው።

አድጓል ማለት ግን ታሟል ማለት አይደለም። መርዝ የማያመነጭ ሲ. ዲፍ አለ። ሕፃናት ተሸክመውት ምንም አይሆኑም። ስለዚህ ዛሬ ለምርመራ መርዙን ወይም ጂኑን መፈለግ ይቀድማል። ካልቸሩ የሚያስፈልገው ወረርሽኝ ከየት እንደተነሳ ለመከታተልና መድኃኒት ለመሞከር ነው።

ድስት ውስጥ ያለው

ምግብ የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች የሚፈልጉት ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለውን ስፖር የሚሠራ አናኤሮብ ነው። ስፖሩ ሥጋ ሲቀቀል አይሞትም። ትልቅ ድስት ወጥ ለድግስ ተሠርቶ ውጭ ሲያድር መሃሉ ቀስ እያለ ይበርዳል፤ አየርም እምብዛም የለበትም። በ43 እና 45 ዲግሪ መካከል ፐርፍሪንጀንስ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። በማግስቱ እንግዳው ሁሉ በቁርጠትና በተቅማጥ ይያዛል። ወጡን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ቶሎ ማቀዝቀዝ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሚዲያው ሰልፋይትና ብረት አለው፣ ከሳይክሎሴሪን ጋር። ፐርፍሪንጀንስ ሰልፋይቱን ወደ ሰልፋይድ ይለውጠዋል፣ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። ጥቁሮቹን መቁጠር ነው። ሌሎች ክሎስትሪዲየሞችም ስለሚያጠቁሩ ግን ከቆጠሩ በኋላ ማረጋገጥ የግድ ነው።

ፕሌቱን ማንበብ

እንግዲህ መራጭ ሚዲያ ምንጊዜም የሆነ ነገር ይደብቃል። ሥራው ነው። ስለዚህ ብቻውን አይቀመጥም። አጠገቡ ምንም መድኃኒት የሌለበት የደም አጋር ይኖራል፣ ሌላ የደም አጋር ደግሞ አየር ላይ ይቀመጣል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው ነገሩ የሚገለጠው። የአናኤሮቡ ጃር ከ48 ሰዓት በፊት ባይከፈት ይመረጣል። ገና በማደግ ላይ ያለ ኮሎኒ አየር ሲያገኘው ሊሞት ይችላል። አክቲኖማይሲስ የሚባለው ባክቴሪያ ከተጠረጠረ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይጠበቃል።

መድኃኒት የሌለበት ፕሌት ላይ 5 ማይክሮግራም ሜትሮኒዳዞል ያለባት ክብ ወረቀት ያስቀምጣሉ። እኛ አገር «ፍላጂል» የምንለው ነው። ሜትሮኒዳዞል የጄንታማይሲን ተገላቢጦሽ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ሴል ውስጥ ብቻ ነው ወደ መርዝ የሚለወጠው። ስለዚህ በወረቀቷ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ከታየ እዚያ አናኤሮብ አለ ማለት ነው። አክቲኖማይሲስና የብጉሩ ባክቴሪያ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። መድኃኒቱ አናኤሮብ ላይ መሥራቱ የታወቀውም በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሺን የተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ትሪኮሞናስ ለሚባለው የብልት ጥገኛ ተሕዋስ ሜትሮኒዳዞል የወሰደች ሴት የድድ ቁስሏም አብሮ መዳኑን አስተዋለ። ለሆድ ቀዶ ሕክምና ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል አብረው የሚታዘዙበት ምክንያት ከዚሁ ይመዘዛል። አንዱ ኢ. ኮላይን ይይዛል፣ ሌላው ፍራጂሊስን።

ከሁሉ በፊት ግን ናሙናው ነው። በስዋብ፣ ማለትም ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት፣ የተነካ መግል አየር በአየር ሆኖ ነው ላቦራቶሪ የሚደርሰው። በሲሪንጅ ተስቦ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ቶሎ መድረስ አለበት። የጉሮሮ ስዋብ ለአናኤሮብ አይላክም፤ እዚያ አናኤሮብ ሁልጊዜም ስላለ ውጤቱ ምንም አይናገርም። አገራችን ውስጥ የሚታተሙ የቁስል ኢንፌክሽን ጥናቶችን የሚያነብ ሰው መጨረሻው ላይ «አናኤሮቦችን ማሳደግ አልተቻለም» የሚል ሐረግ ደጋግሞ ያገኛል። ጃር፣ ፓኬትና ትኩስ ሚዲያ ሁሉም ገንዘብ ነው። በኔ ግምት አቅም የሌለው ላቦራቶሪ ቢያንስ የግራም ስቴይኑን ውጤት ከካልቸሩ ጋር አብሮ ቢጽፍ ሐኪሙን ብዙ ይረዳዋል።

አሁን ኮሎኒን በደቂቃዎች የሚለይ ማልዲ ቶፍ የሚባል ማሽን አለ። ፒሲአርም አለ። ማልዲ ቶፍ ግን ኮሎኒ ይፈልጋል፤ ኮሎኒ የሚገኘው ከፕሌት ነው። ፒሲአር ባክቴሪያው ሞቶም ጂኑን ያገኘዋል፣ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሙሉውን አይነግርም። ሜትሮኒዳዞልን የሚቋቋም ፍራጂሊስ በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። እሱን ለመያዝ ባክቴሪያው በሕይወት አድጎ መድኃኒቱ ይሞከርበታል።